ያልደረቀ ሲሊኮን ያቃጠለብኝ ፓወር ሰፕላይ

ለሌዘር መቁረጫ ማሽኔ አዲስ የገዛሁትን ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ክፍል) በገጠምኩት በአምስተኛው ቀን አቃጥዬዋለሁ። ለቃጠሎው ምክንያት የሆነው የዕቃው ጉድለት ሳይሆን በገዛ እጄ የሠራሁት አንድ መጋጠሚያ ነው። ያን ጊዜ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አለማግኘቴ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ፣ በደጋ ከተማ የሌዘር መቁረጫ ይዞ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የሆነውን እጽፋለሁ።

ማሽኔ የ60 ዋት የመስታወት ቲዩብ (ጨረሩ የሚፈጠርበት ቱቦ) ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የምረቃ ሽልማቶችን፣ የበር ስሞችንና የሠርግ መጥሪያ ካርዶችን እቆርጥበታለሁ። በሰኔ መጨረሻ፣ የምረቃ ትእዛዝ በተደራረበበት ሳምንት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ፤ ጭንቅላቱም እንደ ወትሮው ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ አክሪሊኩ ላይ ግን አንዲት ጭረት እንኳን አልወጣም።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ «ሞተሩ እየሠራ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል አይባልም፤ ያለቀው ቲዩቡ ነው» አለኝ። ይህ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው አላግባብ ቲዩብ የሚገዛውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ማሽኑ ውስጥ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለ፤ ትንሹ ለሞተሮቹ 24 ቮልት ይሰጣል፣ ሌላው ደግሞ ቲዩቡን ለማስነሣት ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ያመነጫል። የአንዱ መሥራት የሌላውን ደኅንነት አያረጋግጥም።

ምርመራው ራሱ ከባድ አልነበረም። ቲዩቡን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ይሠራል፤ ውሃ ሲቋረጥ ጨረሩን ከሚያስቆመው መቆጣጠሪያ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ለአፍታ ባገናኛቸውም ለውጥ የለም፤ ወደ ሰፕላዩ የሚገባውን በቴስተር ስለካው 220 ቮልት አለ፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ቲዩቡ ላይ ስንጥቅ አይታይም። በመጨረሻ ሰፕላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ስጫን ወደ ቲዩቡ የሚሄደውን ከረንት የሚያሳየው የሚሊአምፔር መለኪያ ከዜሮ አልተነቃነቀም። መለኪያው ከረንት እያሳየ ጨረር ባይወጣ ኖሮ ቲዩቡን እጠረጥር ነበር፤ ከረንቱ ራሱ ስለሌለ ግን ሰፕላዩን ለመቀየር ወሰንኩ።

አዲስ አበባ ያለው ሻጭ በስልክ «ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከቲዩቡ ፍታና ወደ ማሽኑ ብረት አስጠጋው፤ ብልጭ ካለ ሰፕላዩ ደኅና ነው» ብሎኝ ነበር። አላደረግሁትም፤ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። እንዲህ ያለ ቮልቴጅ ሰው ይገድላል፤ ሰውየው ቢተርፍ እንኳን ሙከራው ጤነኛውን ሰፕላይ ሊያበላሸው ይችላል። በእጃችን የሚገኘው ቴስተርም አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ቮልት በላይ ስለማይችል በዚያ በኩል መለካት አይሞከርም።

ሰፕላዩ በአውቶቡስ ደረሰኝ። የትንንሾቹን ሽቦዎች አሰላለፍ አስቀድሜ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ስለነበር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀየርኳቸው። የቀረኝ ቀዩ ሽቦ ብቻ ነበር፤ ጥፋቴ ሁሉ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ቀዩ ሽቦ ከቲዩቡ ጫፍ ላይ ከወጣች ቀጭን የብረት ዘንግ ጋር ይገናኛል። ዘንጓ በቀላሉ ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቅ ብረት) አትቀበልም፤ እቀበላለሁ ብትል እንኳን ሙቀቱ ብረቱና መስታወቱ የተያያዙበትን ቦታ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ የተላጠው ሽቦ ዘንጓ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፣ በሲሊኮን ቱቦ ይሸፈናል፣ ቱቦው ደግሞ በፈሳሽ ሲሊኮን ይሞላል። መጠምጠሙን በሚገባ ሠራሁት። ለመሙላት ግን ለአሉሚኒየም መስኮት መስታወት የሚያገለግለውን፣ የአቼቶ ሽታ ያለውን ተራ ሲሊኮን ተጠቀምኩ፤ ከጎረቤቴ ሱቅ ያገኘሁት እሱን ነበርና። ማሸጊያው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚደርቅ ተጽፏል፤ የሰፕላዩ ሻጭም በስልክ «ሁለት ሰዓት ይበቃዋል» አለኝ። እኔ አንድ ሌሊት አሳደርኩትና በመጠንቀቄ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የላይኛው ቆዳ የሚደርቅበት ጊዜ ነው። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። ቱቦ ውስጥ ሲታሸግ ደግሞ አየር የሚያገኘው በጫፉ በኩል ብቻ በመሆኑ ከዚህም ይዘገያል። ይህን ባውቅ ኖሮ ደንበኞቼን ለምኜ ሳምንት አስጠብቃቸው ነበር።

ጠዋት ሳበራው ጨረሩ መጣ፤ የመጀመሪያውን ሽልማት ቆርጬ ስጨርስ ከደስታዬ ብዛት ለእናቴ ደወልኩላት። በሁለተኛው ቀን ግን ከማሽኑ የኋላ ክዳን ሥር እንደ ዝናብ ጠብታ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ፤ የመለኪያው ቀስትም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁም። ትእዛዙን ልጨርስ ብዬ ዝም አልኩ፤ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ዝምታዬ ነው። በአምስተኛው ቀን ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት ባደረበት ጠዋት ማሽኑን እንዳበራሁት ድምፁ ወደ ጭስስስ ተለወጠ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ቀስቱም ወደ ዜሮ ወረደ።

በኮምቦልቻ በፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፉ አንድ አዛውንት የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡልኝ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለን ጥቂት ከቆየን በኋላ፣ ከግራውንድ (ከመሬት) ጋር ባያያዙት ሽቦ በረጅም ፕላስቲክ ዘንግ የቲዩቡን ጫፍ ነክተው የቀረውን ቮልቴጅ አወረዱት። ከዚያ የሲሊኮኑን ቱቦ በምላጭ ሰነጠቁት። ውስጡ እንደ ማር ለስላሳ ነበር፤ አቼቶው አሁንም ይሸታል። ከሽቦው ተነሥታ ቲዩቡን ወደያዘው ብረት የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ትታይ ነበር። ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ በኩል መንገድ አበጅቶ፣ ያቃጠለው ደግሞ ወደ ካርቦንነት ተለውጦ መንገዱን በየቀኑ አስፍቶለታል።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ እኮ እንደዚሁ አድርጎ ይሠራበታል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ደሴ ኮምቦልቻ አይደለም» አሉኝ።

ነገሩን ሲያብራሩልኝ ነው የገባኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ቮልቴጅ የማገድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እዚያ ታች በአንድ ጣት ርቀት የሚገታው ብልጭታ እዚህ ያንኑ ርቀት ዘሎ ብረቱን ያገኛል። ኮምቦልቻ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል የጓደኛዬ ደካማ መጋጠሚያ ታግሦት ይሆናል። የማሽኑ መመሪያ ግን ስለ ከፍታ አንድ ቃል አይናገርም፤ ለእኛ አገር ማሽን የሚሸጡ ሰዎች ይህን አለመንገራቸው አሁንም ያበሳጨኛል።

የሰፕላዩ ሻጭ ዋስትናውን ሊያከብርልኝ አልፈቀደም። «ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ዕቃ ከተገጠመ በኋላ አይመለስም» አለኝ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል ያለኝን ሳስታውሰው ስልኩን ዘጋው።

ሁለተኛውን ስገጥም አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ዘንጓን አጸዳሁ፤ ጥቁሩን መስመር ፍቄ አስወገድኩ። አቼቶ የማይሸተውንና ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆነውን ሲሊኮን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ሙሉ ሰባት ቀን አቆየሁት። ሽቦው ከማንኛውም ብረት ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል እንዲርቅ በፕላስቲክ መያዣ አሰርኩት። የግድግዳዬ ሶኬት የግራውንድ ቀዳዳ ከምንም ጋር ያልተያያዘ መሆኑን ያወቅሁትም ያን ጊዜ ስለሆነ ከቤቱ ጀርባ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። ቲዩቡን ከ20 ሚሊአምፔር በላይ ማስኬድ ይቻላል ቢባልም እኔ ከ18 አላሳልፍም፤ ሥራው ቢዘገይም ሰፕላዩ አይጨነቅም።

የምረቃው ትእዛዝ ግን አመለጠኝ፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሽልማታቸውን በሌላ ቦታ አሠሩ። አሁን በየወሩ መጀመሪያ፣ ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ መብራቱን አጠፋና፣ የማሽኑን ክዳን ሳልከፍት በኋለኛው የመስታወት መስኮት በኩል ወደ ቀዩ ሽቦ ጫፍ እያየሁ የመሞከሪያ ቁልፉን እጫናለሁ። ሰማያዊ ብልጭታ ካየሁ ወይም ያ የጠብታ ድምፅ ከተሰማኝ ማሽኑ በዚያች ሌሊት ከሶኬት ይነቀላል፤ የትኛውም ትእዛዝ ቢሆን ይጠብቃል።