ባዶዋ ዲስክ ባክቴሪያ ገደለች?

ላብራቶሪያችን የመጣው ተለማማጅ ሥራው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን መድኃኒት ተክሎች ባክቴሪያ ላይ መሞከር ነበር። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ጨመቀ። ዝንጅብልና እርድ ኢታኖል ውስጥ ዘፈዘፈ። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን የወረቀት ዲስኮች በየጭማቂው ነክሮ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ የተቀባ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ ደረደራቸው። አራተኛዋ ዲስክ ተክል የሌለባት፣ ኢታኖል ብቻ የነካት ማነጻጸሪያ (ኮንትሮል) ናት። ሁሉም አንድ ፕሌት (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ።

በማግስቱ ፕሌቱ ከኢንኩቤተር ሲወጣ ልጁ ፈነጠዘ። በሦስቱም ተክሎች ዙሪያ ባክቴሪያ የለም። ችግሩ፣ በባዶዋ ዲስክ ዙሪያም የለም!

ሁላችንም ኢታኖሉን ጠረጠርን። ዲስኩ በደንብ ሳይደርቅ ከተቀመጠ እንዲህ ያለ ጉድ ይሠራል። ልጁ አድርቆ ደገመው። ያው ሆነ።

አንጋፋዋ ቴክኒሺያናችን ፕሌቱን ክዳኑን ሳይከፍቱ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ቅርጹን ልብ ብለኸዋል? ክብ እኮ አይደለም። ሁሉም ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ያጋደለ ነው» አሉት።

እያንዳንዱ ለብቻው ፕሌት ተሰጠው። የኮንትሮሏና የዝንጅብሉ ፕሌት በባክቴሪያ ተሸፈነ፤ እርዱ ቀጭን ቀለበት ብቻ አሳየ። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ሰፊውን ክብ እንደያዘ ቀረ። ቴክኒሺያኗ በዚህ አላበቁም። ጭማቂ የነካው ወረቀት ክዳኑ ላይ አስለጠፉ፤ አጋሩን ጨርሶ ሳይነካ ከትይዩው ያለውን ባክቴሪያ አላሳድግ አለ።

ነገሩ ከነጭ ሽንኩርቱ ተንኖ ወደ ሌሎቹ ዲስኮች የደረሰው አሊሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ተለይቶ የታወቀ፣ በቀላሉ የሚተን ንጥረ ነገር። ባልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ሲወቀጥ ተለያይተው የነበሩት አሊን የሚባለው ውህድና አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ሲገናኙ ይፈጠራል። ልጁ ሳይላጥ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርትም ሞክሮ ነበር፤ ምንም። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ቀድሞ ገድሎታል።

ዝንጅብልና እርዱን ግን ወዲያው «አይሠሩም» ብሎ መጣል አይቻልም። ኩርኩሚን የሚባለው የእርዱ ንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ አጋሩን ሰርስሮ አይሄድም። ስለዚህ ሁለቱም በፈሳሽ ማሳደጊያ፣ በየቱቦው መጠናቸው እየተቀነሰ ተሞከሩ። እዚያም እርዱ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ቢጫ ቀለሙ የባክቴሪያ ማደግ ምልክት የሆነውን የፈሳሹን መደፍረስ ሸፈነው። ልጁ ከእያንዳንዱ ቱቦ ጠብታ እየወሰደ እንደገና አጋር ላይ ሊቀባ ግድ ሆነበት።