አንድ ልጨምር እንዴ?

ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥን ሳጸዳ ከታች፣ ከአሮጌ ጫማዎች ጀርባ፣ አንድ ፌስታል ተወሽቆ አገኘሁ። ስከፍተው ዘጠኝ ጠርሙስ ሳኒታይዘር። አንዱም አልተነካም። የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ካለፈ ዓመታት ሆኗቸዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ፈስሰው ፌስታሉን አጣብቀውታል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አፈርኩ። እነዚህን ጠርሙሶች በገዛሁበት ሰሞን የታመሙ እናቷን የምታስታምም ጎረቤቴ አንድ ለማግኘት ስትዞር ውላ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ራሷ ናት ደረጃው ላይ ቆማ የነገረችኝ። እኔ ምን አልኩ? «አይ ጊዜ!» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ፌስታሉ ያኔ ቤቴ ነበር።

ስለዚያ የኮሮና ሰሞን ወሬ ሲነሳ ሁላችንም ሮጠን የምንደርሰው ነጋዴው ላይ ነው። «ስግብግብ ነጋዴ» እንላለን፣ ይወጣልናል፣ ወሬው ያልቃል። ነጋዴውን ልከላከልለት አይደለም፣ እመለስበታለሁ። ግን የኔን ፌስታል ማን ሞላው?

እስቲ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ዕቃው መጥፋት የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ድርጅቱ ራሱ ማርች 3 ላይ ባወጣው መግለጫ የቀዶ ሕክምና ማስክ ዋጋ ስድስት እጥፍ፣ ኤን95 የሚባለው ይበልጥ የሚከላከለው ማስክ ሦስት እጥፍ፣ የሐኪሞች ጋዋን ደግሞ ሁለት እጥፍ መናሩን ተናግሯል። በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና ማስክ ያስፈልጋል፣ አምራቾችም ምርታቸውን 40 በመቶ ያሳድጉ ብሎ ተማጽኖ ነበር። ለእጥረቱ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል በድንጋጤ መግዛትና ማከማቸት ይገኙበታል። እዚያ ውስጥ እኔም አለሁ ማለት ነው። እኛ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተኛው ማስክ ከሐኪም ፊት ላይ የጎደለ ነው።

የሶፍቱ ነገር ግን እስካሁን ይገርመኛል። የመተንፈሻ አካል በሽታ መጥቶ ሰው የሚሻማው ሶፍት! ሆንግ ኮንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ቢላ የያዙ ሰዎች 600 ጥቅል ሶፍት ዘርፈዋል፣ ቀልድ አይደለም። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ጃፓን ውስጥ፣ ኦሳካ አካባቢ፣ ወረቀት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ተነሳና ሰዉ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ተሰልፎ ሶፍት ሲሻማ ነበር። ወሬው ውሸት ነበር። ሰው ሲሰለፍ ግን እውነት ሆነ፣ መደርደሪያው ባዶ ቀረ።

ለምን ሶፍት? አንደኛ ነገር ቦታ ይበላል። ግዙፍ ነው፣ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሱቅ ብዙ አያስቀምጥም። ሃያ ሰው ሃያ እሽግ ሲያነሳ መደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ ባዶ ቦታ ይታያል፣ ያንን ያየ ሃያ አንደኛው ሰው ደግሞ ሁለት ያነሳል። ፋብሪካውም ቢሆን የሰው ሶፍት አጠቃቀም ክረምት ከበጋ ስለማይለዋወጥ ማሽኑን ሌት ተቀን እያሠራ ልክ በሚፈለገው መጠን ነው የሚያመርተው። ድንገት ጨምር ቢሉት ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ ሁሉም ጥፋት የአከማቺ አልነበረም። ቢሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰው እዚያ ይጠቀምበት የነበረውን ሁሉ ቤቱ መጠቀም ጀመረ። የቢሮው ሶፍት ደግሞ ሌላ ነው፤ ጥቅሉ ትልቅ፣ ማሸጊያው ሌላ፣ የሚሸጥበት መንገድም ሌላ። አንዱ መጋዘን ሞልቶ ተቀምጦ ሌላኛው ሱቅ ባዶ የሆነበት ጊዜ ነበር።

የኔ ጭንቅላት ውስጥ የነበረውን ሒሳብ አስታውሰዋለሁ። «እኔ አልደነገጥኩም። ሰዉ ግን ደንግጧል። ሰዉ ሳይጨርሰው አንድ ልጨምር።» ችግሩ ከኋላዬ የቆመውም ሰው፣ ከሱ ኋላ ያለችውም ሴት ቃል በቃል ይህንኑ እያሰቡ ነበር። ለነሱ «ሰዉ» እኔ ነኝ። ዘጠኙን በአንድ ቀን ገዝቻቸው ቢሆን እንኳ ራሴን አከማቺ እለው ነበር። ግን ዛሬ አንድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት፣ በመንገዴ ላይ ካየሁ ደግሞ አንድ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የሞላሁት። ማንም አላየኝም፣ እኔም ራሴን አላየሁትም።

አሁን ወደ ነጋዴው። እዚህ ጋ የምናምታታው ነገር አለ። ከአከፋፋይ በእጥፍ ዋጋ ተቀብሎ በእጥፍ የሚሸጥ አለ፣ እሱ ምን ያድርግ? ባለፈው ወር በድሮው ዋጋ ያስገባውን ዕቃ ዜና ሰምቶ በማግስቱ አዲስ ዋጋ የሚለጥፍበት አለ። ከሁለቱም የሚብሰው ግን «የለም» ብሎ ከጓሮ የሚያስቀምጠው ነው። ያኛው ቢያንስ ዕቃውን አውጥቶታል፣ ይሄኛው እጥረቱን ራሱ ነው የሚፈጥረው። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች እየዞሩ 17,700 ጠርሙስ ሳኒታይዘር ሰብስበው ኢንተርኔት ላይ በውድ ሲሸጡ ቆይተው የሽያጭ ገጻቸው ተዘጋባቸው። ምርመራም ሲመጣ ዕቃውን በእርዳታ ሰጡት። እኔ ያንን ዜና ሳነብ ተሳድቤያለሁ። በዘጠኝ ጠርሙስ ላይ ተቀምጬ።

ዋጋ ይናር፣ ያኔ ሰው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይገዛል፣ አምራችም ይመጣል የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ዋጋው እጥፍ ቢሆን ኖሮ እኔ ዘጠኝ አልገዛም፣ ምናልባት አራት። ጎረቤቴ ግን አንድም አትገዛም ነበር። አምራቹም ቢሆን በአንድ ሌሊት አይመጣም። የመጠጥ ፋብሪካዎች ወደ ሳኒታይዘር ዞረዋል፣ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመርም ከባድ አይደለም፣ አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ግሊሰሪንና ውሃ ነው። ግን ወራት ፈጀ፣ በመሃል ደግሞ መርዛማው ሜታኖል ያለበት ሳኒታይዘር ገበያ ገብቶ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ጁን 2020 ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ለኔ የሠራው መላ አንድ ነው፤ «ለአንድ ሰው ሁለት ብቻ» ብለው የለጠፉ ሱቆች። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር። ወረቀቱ ያለበት መደርደሪያ ላይ ግን ሁልጊዜ ዕቃ ነበረ።

ዘጠኙን ምን እንደማደርጋቸው ገና አላውቅም። አልኮል ነው፣ እሳት ይወዳል፣ ዝም ብሎ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ለጊዜው ከቤት አውጥቼ ጥላ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ። ጎረቤቴ ስታልፍ አየቻቸውና «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ምን ልበላት? ነገርኳት። የዚያን ቀን ደረጃው ላይ ያልኩትንም ጭምር።

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«እኔ ጋ ደግሞ የዚያን ጊዜ ሶፍት አልጋ ሥር አለ» አለችኝ። «እስካሁን አላለቀም።»