ቃል ፍታ ተብዬ

ከኮምቦልቻ የመጡት የሙሽራው ወገኖች ሐረጎን በጭጋግ ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ብርዱ አንዘፍዝፏቸው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ዝም ብለው ይበላሉ። ገና ፈታ አላሉም። ይሄኔ ነው ማይክ የያዘው ልጅ ስሜን የጠራው።

አሜሪካ ያለው የሙሽሪት አጎት ካርድ ልኳል፤ በእንግሊዝኛ። ቤተሰቡ ውስጥ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ የሚታመነው እኔ ነኝ። አንዴ የፍሪጅ ማኑዋል አንብቤላቸዋለሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር፤ እንኳን ደስ አላችሁ ምናምን። ከዚያ ጥቅስ መጣ። እኔ በሙስሊሞቹ ዘመዶች በኩል ነኝ (ወሎ ነው፣ ቤተሰባችን ቄስም ሼህም አለው)፤ ጥቅሱን በቃሌ አላውቀውም። «ሰው አባቱንና እናቱን ይተዋል» አልኩ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ «ክሊቭ አንቱ» የሚል ነገር ፊቴ ተገተረ። ክሊቭን አውቃታለሁ። ሉካንዳ ቤት አጥንት የሚከሰከስበት ሰፊው ቢላ ክሊቨር ይባላል። «አንቱ»ን ለአክብሮት የገባች መስላኝ ዘለልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌም «ሚስቱንም ይፈልጣታል!» አልኩ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ።

የሙሽሪት አያት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ አሉ። «ምን አለ?»

«ይፈልጣታል ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ማንን?»

«ሙሽሪትን።»

«ወይኔ ልጄን!»

የሙሽራው አባት ብድግ ብለው «ኧረ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም!» ብለው ማስተባበል ጀመሩ።

ያዳኑኝ የነፍስ አባቷ ናቸው። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳያውቁ «ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ነው፤ ‹ይጣበቃል› ነው የሚለው» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «ልጄ፣ ቃል ፍታ አሉህ እንጂ ሚስት አስፈታ አሉህ?» ኮምቦልቻዎቹ ያኔ ፈታ አሉ።

ማታ እልህ ይዞኝ ስጎረጉር አመሸሁ። ለካ ክሊቭ አንድ ልብስ የለበሱ ሁለት ቃላት ናቸው! በጥንቱ እንግሊዝኛ መሰንጠቅ «ክሌዮቫን»፣ መጣበቅ ደግሞ «ክሊቪያን» ነበር። በዘመን ብዛት ድምፃቸው ተቀራረበና አንድ ሆኑ። ጀርመኖች እስካሁን ይለዩአቸዋል፤ «ክሊበን» መሰንጠቅ፣ «ክሌበን» መጣበቅ። የሰንጣቂው ዘር የከብት ሰኮና ላይም አለ፤ ስንጥቅ ሰኮና «ክሎቨን» ይባላል። የተጣበቀ ነገር ግን ክሎቨን አይባልም። አጎታችን የጠቀሰው በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የንጉሥ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። መለያው ምን መሰላችሁ? ሰንጣቂው ክሊቭ የሚሰነጥቀውን ዕቃ በቀጥታ ይይዛል። ተጣባቂው «ቱ»ን ወይም የድሮዋን «አንቱ»ን ያስከትላል። ያቺው የዘለልኳት አንቱ!

በማግስቱ ይህን ሁሉ ለአያት ላስረዳ ሄድኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«እና አንቱ እያለ ነው የሚፈልጣት?» አሉኝ።

የመልሱ ቀን ደግሞ ገና ድንኳኑ ጋ ስደርስ ወጥ ቤት በኩል አንዷ ስትጣራ ሰማሁ።

«ፍልጥ አልቆብናል፣ ያንን አስተርጓሚ ጥሩልን!»