ለቪትዝ የ12 ኢንች ሰብዉፈር ሳጥን፦ ዝግ ወይስ ባለ ፖርት?

ሰብዉፈር፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር፣ በዝግ ሳጥን ወይም ባለ ፖርት (የአየር ቧንቧ ባለው) ሳጥን ይገጠማል። የሳጥን ምርጫ የሚጀምረው ከሰብዉፈሩ የመረጃ ወረቀት ነው። ኤፍኤስ (ሰብዉፈሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ)፣ ኪውቲኤስ (ያ ርግብግብ ምን ያህል እንደሚገታ) እና ቫስ (እንደ ሰብዉፈሩ ማንጠልጠያ የሚለጠጥ የአየር መጠን) የሚባሉት ሦስት ቁጥሮች ካልታወቁ አናጺው የሚሠራው በግምት ነው። አሁን የያዝነው ባለ 12 ኢንች ኤፍኤሱ 28 ሄርዝ፣ ኪውቲኤሱ 0.45፣ ቫሱ 60 ሊትር ነው።

ለዝግ ሳጥን ቫስን በሳጥኑ ሊትር አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በኪውቲኤስ አባዙ። ውጤቱ 0.7 አካባቢ ሲሆን ቤዙ ሳይንዛዛ በሰዓቱ ይቆማል። በዚህ ሰብዉፈር 41 ሊትር ያንን ይሰጣል፤ ሬዞናንሱም (ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ) 44 ሄርዝ ላይ ይውላል። ያንኑ 20 ሊትር ውስጥ ብትከቱት ውጤቱ 0.9፣ ሬዞናንሱ 56 ሄርዝ ይሆናል፤ ዝቅተኛው ቤዝ ይሳሳል፣ ከላይ ያለው ያብጣል። ተሠርተው የሚሸጡ ሳጥኖች «የ12 ኢንች» ሲባሉ የሚታወቀው የቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው፤ ሊትሩን ሳትለኩ አትግዙ።

ዝግ ሳጥን ከሬዞናንሱ በታች በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) ድምፁ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ሳሎን ውስጥ ይህ ጉድለት ነው። ቪትዝን በመሰለ ትንሽ መኪና ግን የካቢኑ አየር ራሱ ከ70 ሄርዝ ገደማ በታች ድምፁን እያነሳ ይሄዳል። አየር በበርና በወለል ስንጥቅ ስለሚያመልጥ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ሁለቱ ይካካሳሉ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው፤ ለእሱና ለፈጣን የከበሮ ምት ዝግ ሳጥን በቂ ብቻ ሳይሆን የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

የኋላ ኮፈኑ በወንበርና በላሜራ ለተለየ ኮሮላ ግን ባለ ፖርት ሊያዋጣ ይችላል። 60 ሊትር ንጹሕ ይዘት ያለው ሳጥን በ34 ሄርዝ እንዲቃኝ፣ የውስጥ ስፋቱ 10 ሴ.ሜ የሆነ ቧንቧ 26.6 ሴ.ሜ ርዝመት ይፈልጋል። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ሰብሶኒክ ፊልተር፣ ማለትም እጅግ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ፣ ከሌለው ይህን አትሞክሩ። ከ34 ሄርዝ በታች ኮኑን (የሰብዉፈሩን ተንቀሳቃሽ ፊት) የሚይዘው አየር ስለሚጠፋ ያለ ልጓም ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ከማግኔቱ ጋር ይጋጫል። ፊልተሩን 30 ሄርዝ ላይ አድርጉት።

ለቪትዟ ዝግ ሳጥን የ18 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) አቆራረጥ፦ ፊትና ኋላ 54 በ36፣ ላይና ታች 54 በ26.4፣ ጎንና ጎን 32.4 በ26.4 ሴ.ሜ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። የውስጥ ይዘቱ 43.1 ሊትር ነው፤ ሰብዉፈሩ ራሱ 2.5 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ቺፑድ ይርከሳል፣ ግን ብሎን ሲላላበት ይፈረፈራል፣ አየርም ያሳልፋል። ኤምዲኤፍም ቢሆን በጠርዙ በኩል ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃልና በ3 ሚ.ሜ ፑንታ ቀድማችሁ ብሱ፤ የእንጨት ኮላ ቀቡ፤ በየ10 ሴ.ሜው አጥብቁ። የውስጥ መጋጠሚያውን በሙሉ በሲሊኮን ዝጉ፤ ሰብዉፈሩን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ቀን ይድረቅ፤ አንዳንዱ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረት ያዝጋል።

ከገጠማችሁ በኋላ ኮኑን በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ ግፉና ጥቂት ይዛችሁ ልቀቁ። ዝግ ሳጥን ላይ ቀስ ብሎ መመለስ አለበት፤ ወዲያው ከተመለሰ አየር ያሾልካል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው ተርሚናል ዙሪያ ነው።

ሳጥኑ ከነሰብዉፈሩ ወደ 20 ኪሎ ስለሚጠጋ ከወለሉ ጋር በብሎን ወይም በቀበቶ እሰሩት፤ ቪትዝ ውስጥ ከኋላ ተሳፋሪ የሚለየው ወንበር ብቻ ነው። ከዚያ ክሮስኦቨሩን (ወደ ሰብዉፈሩ የሚሄደው ድምፅ የሚያበቃበትን ድንበር) 80 ሄርዝ ላይ አድርጉና የፌዝ ማብሪያውን (የኮኑን እንቅስቃሴ አቅጣጫ የሚገለብጠውን) ሁለቱንም ቦታ ሞክሩ፤ ሾፌር ወንበር ላይ ሆናችሁ ቤዙ የሚጠነክርበትን ያዙ።