ሜዳ ላይ ስታድኑ ለሌላው አዳኝ መታየት

በምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳዎች ፕሮንግሆርን (ሚዳቋ የሚመስል፣ በመንጋ የሚሄድ የሜዳ እንስሳ) ለማደን ለምትወጡ፣ በተለይ በዴንቨርና በአውሮራ ኖራችሁ አደን ለጀመራችሁ ወገኖች ነው ይህን የምንጽፈው። ዛፍ የሌለበት አገር ሰውን ያዘናጋል። ከሩቅ ዝርግ የሚመስለው መሬት ጉብታና ስርጥ የበዛበት ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ላይ የነበረ ሰው ስርጥ ውስጥ ሲወርድ ፈጽሞ ይሰወራል። ጥይት የሚያቆም ግንድም የለም። የ30-06 (በአደን የተለመደ የጥይት ዓይነት) ጠመንጃ ጥይት ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል።

የኮሎራዶ ሕግ በጠመንጃ አጋዘን፣ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ወይም ፕሮንግሆርን የሚያድን ሰው ከወገቡ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች፣ ማለትም ወደ 3,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ደማቅ ፍሎረሰንት ብርቱካናማ ወይም ሮዝ እንዲለብስ ያዛል። ሮዝ የተጨመረው በ2016 ነው። ከየትኛውም አቅጣጫ የሚታይ ኮፍያም ግዴታ ነው። ዝንጉርጉር ብርቱካናማ አይቆጠርም።

ችግሩ የሚመጣው ልብሱ ከተገዛ በኋላ ነው። ሰደርያውን ለብሳችሁ ቦርሳ ስታዝሉ ጀርባችሁ በሙሉ ይሸፈናል፤ ሲበርዳችሁ ካፖርት ስትደርቡ ደግሞ የፊቱም ይጠፋል። ስለዚህ በወፍራም ካፖርት ላይ የሚገባ ሰፊ ሰደርያ ግዙ፤ ለቦርሳውም ብርቱካናማ ሽፋን አድርጉለት። ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያነጣው በየዓመቱ ከአዲስ ጨርቅ ጎን አስተያዩት። ስታጥቡት "የሚያበራ" ኬሚካል ያለበትን ሳሙና ተዉ። አጋዘን ብርቱካናማን ደብዛዛ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃንን ግን በደንብ ይለያል፤ ያ ሳሙና ጨርቁን የሚያስበራው በዚያው በኩል ነው።

ቀለሙ የሚደምቀው በቀን ብርሃን ነው። ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከገባች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በእነዚህ ሁለት ጫፎች ቀለሙ ብዙ አይረዳችሁም። በጨለማ ስትሄዱና ስትመለሱ የግንባር ባትሪ ይብራ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶችም ጥቂት አይደሉም፤ ለእነሱ ብርቱካናማው ከደረቅ ሣር ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ሌላ አዳኝ ወደ እናንተ አቅጣጫ ሲያነጣጥር ካያችሁ ባላችሁበት ሆናችሁ በሙሉ ድምፅ ጩኹ። ፊሽካ አንገት ላይ ቢንጠለጠል መልካም ነው፤ ነፋስ የሰውን ድምፅ ቶሎ ይበላዋል።

ነጭ መሐረብ ወይም ሶፍት በእጃችሁ አይታይ። የፕሮንግሆርን ቂጥ ነጭ ነው፣ አዳኝ ከሩቅ የሚፈልገውም ያንኑ ነጭ ነው። በጠመንጃ ወቅት የእንስሳ ምስል ተክሎ ከኋላው መደበቅን ደግሞ በጭራሽ አንመክርም፤ ሌላው ሰው የሚተኩሰው በዚያ ምስል ላይ ነው።

ከተኳሹ በኩል ደግሞ፣ አድማስ ላይ ሰማይ ብቻ ከጀርባው ባለ እንስሳ ላይ አትተኩሱ። ከኋላው የአፈር ተዳፋት ይኑር። ድንጋይና በበረዶ የጠጠረ መሬት ጥይትን አንጥሮ ይልካል። ፕሮንግሆርን በመንጋ ስለሚሄድ ጥይቱ አንዱን በስቶ ሌላውን ሊመታ ይችላል፤ እስኪነጠል ጠብቁ። ያያችሁት ሰው ይሁን እንስሳ ለመለየት በባይኖኩላር ተመልከቱ። በጠመንጃው መነጽር መቃኘት አፈሙዙን ሰው ላይ ማነጣጠር ነው፤ ይህን ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን።

ፌዛንት (ዶሮ የሚያህል የዱር ወፍ) ለማደን ጎን ለጎን በሰልፍ ስትሄዱ ከሦስት አትብለጡ፤ በመካከላችሁ ከ25 እስከ 40 ያርድ ይሁን፣ እያንዳንዱም ከፊቱ ባለው 45 ዲግሪ ብቻ ይተኩስ። ወፉ ወደ ጓደኛችሁ ከዞረ ተዉት። ከማሳው ማዶ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ከወፉ በታች ሰማይ ካልታያችሁ አትተኩሱ።

የገደላችሁትን ስትሸከሙ ቀንዱንና ጭንቅላቱን በብርቱካናማ ጨርቅ ጠቅልሉ። መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጥይቱን ከጠመንጃው አውጡ፤ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በመኪና መያዝ በኮሎራዶ በሕግ የተከለከለ ነው።