ከክትባት በኋላ ስፖርት መሥራት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

በሐዋሳ ማለዳ ማለዳ የሐይቁን ዳርቻ ይዘው ሶምሶማ ከሚሮጡትና ፈጠን ብለው ከሚራመዱት መካከል ክትባት የወሰደ ሰው ሲገኝ ያው የተለመደው ክርክር ይነሣል። ገሚሱ «የተከተበ ሰው ማረፍ አለበት፤ ክንዱንም ባያንቀሳቅስ ይሻለዋል» ሲል፣ ሌላው «ላብ ሲወጣ መድኃኒቱ ቶሎ ይሠራል» ባይ ነው። ሁለቱም የሚሟገቱት ስለዚያች አንዲት ቀን ነው። እኔ ግን ስለ ጉዳዩ ባነበብሁ ቁጥር፣ ይበልጥ የሚመዝነው ሰውየው ከመርፌው በፊት በነበሩት ወራት የነበረው የኑሮ ልማድ ነው ወደሚለው ሐሳብ አዘነብላለሁ።

ክትባቱ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ባለው የክንድ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ፣ በአካባቢው ያሉ የመከላከያ ሴሎች ባዕዱን ነገር ይለቅሙና ሊምፍ የተባለው የሰውነት ፈሳሽ በሚፈስባቸው ቧንቧዎች በኩል ብብት ሥር ወዳሉት ዕጢዎች ይወስዱታል። አንቲቦዲ የተባሉትን በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖች የሚያመርቱት ሴሎች የሚመረጡትና የሚባዙት እዚያ ሲሆን፣ ሥራው ሳምንታትን ይፈጃል። ከኮቪድ ክትባት በኋላ «ንፍፊት ወጣብኝ» ብለው የደነገጡ ሰዎች ያዩት እነዚህ ዕጢዎች ሥራ ሲበዛባቸው ነው። ደም የሚገፋው ልብ አለው፤ ሊምፍ ግን ለመጓዝ የጡንቻ መኮማተርና መፍታታት በእጅጉ ያግዘዋል። ከዚህም ሌላ የሚሠራ ጡንቻ ኢንተርሉኪን 6ን የመሳሰሉ፣ ለመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። ስለዚህ ስፖርት ክትባትን ያግዛል የሚለው ግምት መሠረት የሌለው አይደለም።

የዚያችን ቀን ክርክር በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ የኢንፍሉዌንዛ ወይም የኮቪድ ክትባት እንደተወጉ ለ90 ደቂቃ በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ፔዳል መቱ ወይም ፈጠን ብለው ተራመዱ፤ የልብ ምታቸውም በደቂቃ ከ120 እስከ 140 እንዲሆን ተደረገ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲለካ የአንቲቦዲያቸው መጠን ካልተንቀሳቀሱት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የክትባቱ የጎንዮሽ ስሜት ግን አልባሰባቸውም። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ስለነበር ውጤቱን የሯጮች ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ይሁን እንጂ 45 ደቂቃ የሠሩት ላይ ይህ ጭማሪ አልታየም። ከሥራ ቀን ላይ 90 ደቂቃ ቀንሶ «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ መመላለስ የሚችለው ስንቱ ነው? ደግሞም ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ የተለካውም አንቲቦዲ እንጂ መታመም ወይም አለመታመም አይደለም።

ለእኔ ይበልጥ ክብደት ያለው ከአፍሪካ የተገኘው ማስረጃ ነው። በደቡብ አፍሪካ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ከተሰጣቸው የጤና ባለሙያዎች መረጃ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ከ190,000 በላይ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን ያካተተ ነበር። ክትባቱ በኮቪድ ምክንያት ሆስፒታል ከመግባት የመከላከል አቅሙ በሳምንት ከ60 ደቂቃ በታች በሚንቀሳቀሱት ላይ 60 በመቶ፣ በመካከለኞቹ ላይ 72 በመቶ፣ 150 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሚንቀሳቀሱት ላይ ደግሞ 86 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ስፖርት የሚሠራ ሰው አመጋገቡንና እንቅልፉንም የሚጠብቅ ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን በሙሉ ለእግሩ መስጠት አይገባም። ነገር ግን በአሜሪካ የኢሊኖይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት፣ ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመደቡበት ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈና ቀድሞ ስፖርት የማይሠሩ ሰዎች ለአሥር ወራት ገሚሶቹ ልብና ሳንባን የሚያሠራ፣ ገሚሶቹ ሰውነትን የማፍታታት እንቅስቃሴ ሲሠሩ ቆዩ፤ በመካከሉም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተሰጣቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በ24ኛው ሳምንት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቡድን መከላከያው ሳይወርድ የቆየላቸው ሰዎች በዙ። ዕድሜ ሲገፋ የክትባት ኃይል ቶሎ ስለሚደክም ይህ ለወላጆቻችን ትልቅ ነገር ነው።

በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ ጥያቄው ወደ እናቶችም ደርሷል። አንዲት ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ልጅቷ ዛሬ ተከትባለች፤ ነገ ደግሞ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ ላስቀራት?» ብላ ጠየቀችኝ። ትኩሳት ከሌላትና ደስ ካላት መከልከል አያስፈልግም አልኋት፤ የታመመውን ክንድ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስም ድርቀቱን ያቀልለታል። ጥንቃቄ የሚያሻው ይልቁንም እንደተወጉ ወዲያው ነው፤ በዚህ ዕድሜ መርፌ ፈርተው ራሳቸውን የሚስቱ ስላሉ 15 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው መቆየት አለባቸው።

ማረፍ አለበት የሚሉት ወገኖች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ግን አልልም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው እስኪሻለው ይተኛ፤ አንድ ቀን ሳይሮጡ መዋል የወራት ልማድን አያፈርስም። ፋይዘርንና ሞደርናን በመሳሰሉ የኤምአርኤንኤ ክትባቶች ምክንያት ደግሞ በጣም ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች፣ የልብ ጡንቻ ብግነት ታይቷል። በዚህም የተነሣ ሲንጋፖርን የመሰሉ አገሮች ወጣቶች ከመርፌው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከከባድ ስፖርት እንዲታቀቡ መክረዋል። በእነዚያ ቀናት ደረቱን የወጋው፣ ሳይደክም ትንፋሽ ያጠረው ወይም ልቡ ከወትሮው ውጪ የመታበት ወጣት ሩጫውን ትቶ በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርበታል።