ቦርሳዬን የከፈተው ሌላ ሰው ነበር

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩበትን ሰዓት ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ቦርሳው ነው። ልጄ ደረቴ ላይ ናት፤ ሰውነቷ ገና አልደረቀም። አዋላጇ ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ «አባት፣ የልጅቷን ኮፍያና መጠቅለያ ያቀብሉኝ» አለችው። ቦርሳውን ከፈተ። መጀመሪያ የእኔን ሹራብ አወጣ። ከዚያ ፎጣ። ከዚያ ወደ ቤት ስመለስ የምለብሰውን ቀሚስ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «የቱ ጋ ነው ያደረግሽው?» ይለኛል። ኮፍያው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከስር፣ በስተቀኝ በኩል፣ በነጭ ፎጣ ተጠቅልሎ። ግን ለመናገር አቅም አልነበረኝም። ግራ ሲገባው ቦርሳውን እንዳለ ወንበር ላይ ዘረገፈው።

ኮፍያው ተገኘ፤ ልጄም ደህና ነበረች። ያቺ ደቂቃ ግን ከውስጤ አልወጣችም። ቦርሳውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሞላው ስፈታው ነው የከረምኩት። የጎደለ ነገር አልነበረውም። ችግሩ ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ እንደምከፍተው አድርጌ መሆኑ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ቦርሳ አትከፍትም። የሚከፍተው ባል ነው፣ እናት ናት፣ እህት ናት፤ አንዳንዴም ቦርሳውን አይታው የማታውቅ ነርስ ናት።

ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ከዚህ ነው የተነሳሁት። ዕቃውን በዓይነት መደርደሩን ተውኩና በሰዓት ከፋፈልኩት። ምጥ ላይ የምፈልገው ለብቻ፣ ልጁ እንደተወለደ የሚያስፈልገው ለብቻ፣ ከወለድኩ በኋላ የምጠቀምበት ለብቻ። ሦስት ቦርሳ ማለት ነው። አዲስ ሻንጣ አልገዛሁም፤ ቤት ያሉት ትንንሽ ቦርሳዎች በቁኝ።

36ኛው ሳምንት ሲገባ ሦስቱም በር አጠገብ ነበሩ። ዘጠኝ ወሩ ሞላ የሚባለው ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው፤ ግን ቀድመው የሚመጡ ልጆች አሉ። የመውለጃ ቀን ተብሎ በተነገረው ቀን የሚወለዱትም ጥቂቶች ናቸው። መንታ ያረገዘች ወይም ሐኪሟ «ቀደም ሊል ይችላል» ያላት ሴት ከዚያም በፊት ብታዘጋጅ ይሻላታል።

ወረቀቶቹን በአንድ ክላሰር አድርጌ ከምጡ ቦርሳ የውጭ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። የክትትል ካርድ፣ የአልትራሳውንድና የላቦራቶሪ ውጤቶች፣ መታወቂያ፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶች ስም፣ የማይስማማኝ መድኃኒት ስም። የደም ዓይነቴን ከላይ በትልቁ ጻፍኩት። የእኔ ደም ኔጌቲቭ ነው። የልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ በ72 ሰዓት ውስጥ የምወጋው መርፌ አለ፤ ለሚቀጥለው እርግዝና የሚጠብቀኝ እሱ ነው። ይህን የሚያስታውስልኝ ሰው ከመፈለግ ወረቀቱ ራሱ ቢናገር ይሻላል።

የምጡ ቦርሳ ከሦስቱ ትንሹ ነው። የውሃ ኮዳ፣ ስትሮ፣ የከንፈር ቅባት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ፣ ከፊት የሚከፈት ሰፊ የሌሊት ልብስ። ስትሮና የከንፈር ቅባት ቀላል ነገር ይመስላሉ። ግን ሰዓታት ሙሉ በአፍ ስትተነፍሺ ከንፈርሽ ይሰነጣጠቃል። በጎንሽ ተኝተሽ ኮዳ ቀና አድርጎ መጠጣት ደግሞ አይሆንም፤ በስትሮ ግን ቀና ሳትዪ ትጠጫለሽ። ምግብን በተመለከተ አንዳንድ ቦታ ቀለል ያለ ነገር ይፈቅዳሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይከለክላሉ፤ በክትትል ጊዜ ጠይቂያቸው። መነጽር የምታደርጊ ከሆነ መነጽሩን ያዢ፤ ኮንታክት ሌንሱ ቤት ይቅር። የቻርጀር ገመድ ረጅም ይሁን፤ ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ከአልጋው ራቅ ያለ ነው።

ቀለበቴን ቤት አውልቄ ነው የሄድኩት። በእርግዝና መጨረሻ ጣት ያብጣል፤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከተገባ ደግሞ ጌጣጌጥ ይወልቃል። የጥፍር ቀለሜንም አጥፍቼው ነበር፤ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ በቀለሙ ምክንያት በትክክል ላያነብ ይችላል።

አሁን ከወለድኩ በኋላ ወደምጠቀምበት ቦርሳ ልምጣ። መጀመሪያ ስወልድ በጣም የተጎዳሁት በዚህ ነው፤ ስለ ልጄ ልብስ አንድ ወር ያሰብኩ ሰው ስለ ራሴ ሰውነት አንድ ቀን አላሰብኩም። ከወሊድ በኋላ ደም እንደሚፈስ አውቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ቀጭን ሞዴስ አንድ እሽግ ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያው ሌሊት አለቀ። ባለቤቴ ውድቅት ላይ ሱቅ ፍለጋ ወጣ፤ እኔም አንሶላው እንዳይነካ እየሰጋሁ ሳልንቀሳቀስ ጠበቅኩት። ሁለተኛ ጊዜ ለአራስ የሚሆነውን ረጅምና ወፍራም ሞዴስ ሁለት እሽግ ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ከዚያ እየቀነሰ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ወደ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት በዚህ ጊዜ መጠቀም አይቻልም፤ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። አንድ ወፍራም ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወረደ ዝም አይባልም፤ ወዲያውኑ ነርስ መጥራት ነው።

ፓንቱ ጠቆር ያለ ቀለም፣ ከለመድሽው ቁጥር ከፍ ያለና እስከ እምብርት የሚደርስ ይሁን። ሁለተኛውን ልጄን በኦፕራሲዮን ለመውለድ አላሰብኩም ነበር፤ ግን እንዲያ ሆነ። ቁስሉ ያለው ከሆድ በታች፣ የትንሽ ፓንት ላስቲክ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ወገቡ ከፍ ያለ ፓንት ባይኖረኝ ኖሮ እያንዳንዱ እርምጃ ያመኝ ነበር። ስለዚህ ምጡ በምንም መንገድ ቢያልቅ የሚሆን ልብስ ያዢ። የመመለሻውም ቀሚስ ሰፊ መሆን አለበት፤ ሆድ በአንድ ቀን አይገባም፣ የ5 ወይም የ6 ወር እርጉዝ መስለሽ ነው የምትወጪው። ይህ የጤና ነው።

ሌላው ውለታ የዋለልኝ ነገር በእጅ ሲጫን ውሃ የሚረጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። መጀመሪያ ስወልድ ተሰፍቼ ስለነበር ሽንት ቤት መሄድ ፈርቼ ሽንቴን ያዝኩ። ይህ አደገኛ ነው፤ ፊኛ ሲሞላ ማህፀን በደንብ እንዳይኮማተር ያደርጋል፣ ደምም ይጨምራል። አንዲት ነርስ ናት ዘዴውን ያሳየችኝ፤ ለብ ያለ ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ሞልተሽ እየሸናሽ ቁስሉ ላይ ማፍሰስ ነው። ውሃው ሽንቱን ያቀጥነዋል፣ ማቃጠሉ ይቀንሳል። ያን ቀን አልቅሼ ነው ያመሰገንኳት።

የጡት ማስያዣው ሽቦ የሌለውና ሰፋ ያለ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚወጣው እንገር ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለልጁ ይበቃዋል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ወተቱ ሲሞላ ግን ጡት ይወጠራል፣ የቀድሞው ማስያዣ አይገባም። ለጡት ጫፍ ንጹህ የላኖሊን ቅባት ያዝኩ፤ ልጁ ከመጥባቱ በፊት ቅባቱን ማጠብ አያስፈልግም። ጡጦና የዱቄት ወተት ግን አልያዝኩም። ሐኪም በምክንያት ካላዘዘ በስተቀር የመጀመሪያው ሰዓት የጡት ሰዓት ነው።

የልጁ ቦርሳ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ልብሱን ሁሉ ቤት አጥቤ በአራት ፌስታል ከፋፈልኩት። እያንዳንዱ ፌስታል ውስጥ አንድ ካናቴራ፣ አንድ ቱታ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ዳይፐር አለ። ልብስ መቀየር ሲያስፈልግ አንድ ፌስታል ማንሳት ብቻ ነው። ዳይፐር ለአንድ ቀን 10 ያህል አስቢ። የመጀመሪያው ካካ ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ነው፤ ቂጡን ቀድሞ ቫዝሊን መቀባት ማጽዳቱን ያቀላል። የሕፃን ሳሙናና ሻምፑ አልያዝኩም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ገላውን ቢያንስ ለ24 ሰዓት አቆይቶ ማጠብን ነው፤ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋልና። ሽቶም አልያዝኩም። ልጅ እናቱን በጠረኗ ነው የሚለያት፤ ያን ጠረን መሸፈን አልፈለግኩም።

አስታማሚም ሰው ነው። መጀመሪያ ጊዜ ባለቤቴ በአንድ ሸሚዝ 30 ሰዓት ቆይቷል፤ የጥርስ ብሩሽ እንኳ አልነበረውም። አሁን የእሱም ሹራብ፣ ቅያሪ ልብስና የሚበላው ነገር ተያዘ። ባዶ ፌስታልም ጨመርን፤ የቆሸሸ ልብስ መመለሻ ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን አንድ ማታ ያደረግነው ልምምድ ነው። አልጋ ላይ ተኛሁ፤ አፌን ዘጋሁ። እህቴ እንደ ነርስ ሆና «የልጁን የመጀመሪያ ልብስ»፣ «የእናትየውን ሞዴስ»፣ «የክትትል ካርዱን» እያለች ባለቤቴን ትጠይቀዋለች። እሱ ይፈልጋል። ሁለቱን ወዲያው አገኘ፤ ሞዴሱ ላይ ቆመ። እኔ ቦርሳው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት «የአራስ ዕቃ» ብዬ የጻፍኩት ለእሱ ምንም አልነገረውም ነበር። ወረቀቱን ላጠውና በራሱ እጅ «ሞዴስና ፓንት» ብሎ ጻፈበት። ሌሎቹንም እንዲሁ በራሱ ቃል ለወጣቸው። በመጨረሻም ስንወጣ የሚጨመሩትን ነገሮች ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ስልክ፣ ቻርጀር፣ መነጽር፣ ቁልፍ።

ምጡ በ38ኛው ሳምንት፣ ሌሊት መጣ። ጠዋት ላይ የልጁ የልብ ምት ወረደና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወሰዱኝ። ባለቤቴ ውጭ ቀረ። ከወገብ በታች ደንዝዤ ጣሪያውን እያየሁ ተኝቼ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ነርሷ «የሕፃኑ ልብስ» ስትል ሰማሁ። ወዲያው የፌስታል ኮሽታ ተሰማኝ። «ሲስተር፣ ይኸው፤ ኮፍያው ከላይ ነው» አላት።